ማኅተም ያለው ወረቀት ሁሉ ከቢሮ አይመጣም

ከአንባቢ የደረሰን ደብዳቤ

«ሰላም ላንተ ይሁን ልጄ። የምጽፍልህ ከደብረ ብርሃን ነው። ባና፣ ጋቢና ብርድ ልብስ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ፈቃዱ በእኔ ስም ነው። አምናም ሳይዘገይ አድሻለሁ። ባለፈው ሳምንት፣ ነሐሴ በገባ፣ ስልኬ ላይ መልእክት መጣ። የንግድ ምዝገባዎ ጊዜ አልፏል፣ በ3 ቀን ውስጥ ያድሱ ይላል። በማግስቱ ፋይል የያዘ ልጅ በባጃጅ መጥቶ ወረቀት ሰጠኝ። የንግድ ምዝገባ፣ የቲንና የፈቃድ እድሳት የመጨረሻ ማሳሰቢያ ይላል። ስሜ ከነአያቴ ተጽፎበታል። የቲን (የግብር ከፋይ መለያ) ቁጥሬ አንድም ሳይሳሳት አለ። ማኅተምም አለው። 6,500 ብር በባንክ እንዳስገባ፣ ካላስገባሁ ሱቁ እንደሚታሸግ ይናገራል። ጎረቤቴ ባለ ጫማ ሱቋ በዚያው ቀን ከፈለች። አሁን ግን ጠርጥራለች። ለማንም እንዳትነግሪ ብላኛለች፤ ላንተ መጻፌ ራሱ ከብዶኛል። እኔ እስካሁን አልከፈልኩም። ሌሊት ግን እንቅልፍ የለኝም። እውነት ቢሆንስ? ቁጥሬንስ ከየት አገኙት? ወረቀቱን ልጄ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም ልካልሃለች።»

መልስ

እትዬ፣

አይክፈሉ። ሌላውን ቀስ ብለን እንነጋገራለን፤ እሱን ግን መጀመሪያ ይያዙልኝ። 3ቱ ቀን ቢያልፍም፣ ልጁ ባጃጁን ይዞ ቢመለስም፣ ስልክ ደጋግሞ ቢጮህም፣ ለዚያ ወረቀት አንድ ብር እንዳያወጡ።

እንቅልፍ ማጣትዎ አይገርመኝም። ፈቃድ ሳያሳድስ የሚነግድ ሰው ሱቅ በእርግጥም ሊታሸግ ይችላል። የቁጥጥር ሠራተኞችም በእርግጥ ይዞራሉ። የእድሳት ጊዜም አለ፤ ያለፈበት ይቀጣል። ወረቀቱ ጉልበት ያገኘው ከዚህ ነው። ያለ ነገር ላይ የሌለ ነገር ደርቦ መጣ። ሙሉ በሙሉ ውሸት ቢሆን ኖሮ እርስዎን የመሰለች ስንት ዓመት የነገደች ሴት አያስደነግጥም ነበር።

ፎቶውን ስልኬ ላይ አስፍቼ አየሁት። ከላይ ባንዲራ የመሰለ ባለ ሦስት ቀለም መስመር አለ። የላኪው ስም አገራዊ መሥሪያ ቤት ይመስላል፤ «ኢትዮጵያ» የሚል ቃል አለው፣ «ምዝገባ» የሚል ቃል አለው። የቢሮ አድራሻ ግን የለውም። የየትኛው ከተማ ወይም ወረዳ ጽሕፈት ቤት እንደሆነ አይናገርም። የደብዳቤ ቁጥር በሚጻፍበት ቦታ ነጠብጣብ ብቻ ነው። የባንክ ሒሳቡ በአንድ ግለሰብ ስም የተከፈተ ነው፤ የአባቱ ስም ሳይቀር ተጽፏል።

ከሁሉ በላይ ግን የወረቀቱን ግርጌ ያንብቡ። መነጽር ያድርጉ ወይም ልጅዎ ታንብብልዎ። እንዲህ ይላል፦ «ድርጅታችን የማማከርና ጉዳይ የማስፈጸም አገልግሎት የሚሰጥ የግል ተቋም ሲሆን ይህ ጽሑፍ የአገልግሎት ግብዣ ነው።» እኔ ሁለት ጊዜ አጉልቼ ነው ያነበብኩት። ፊደሉ የምስር ፍሬ ያህል እንኳ አይሆንም።

እንግዲህ ነገሩ ይሄ ነው እትዬ። ከላይ በትልቁ «የመጨረሻ ማሳሰቢያ» ይላል። ከታች በትንሹ «ግብዣ» ይላል። ማሳሰቢያ የሚያሳስብ ሥልጣን ያለው ነው። ግብዣ ደግሞ እምቢ ይባላል። አንድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ሲጽፍ፣ ትልቁን እርስዎ እንዲያነቡት፣ ትንሹን ደግሞ ነገ ሲጠየቅ ለፖሊስ እንዲያሳየው ነው የጻፈው።

ይህን በእርግጠኝነት የምናገረው ምክንያት አለኝ። ለብዙ ሰው ያልነገርኩት ነው።

እዚህ ዓምድ ላይ መጻፍ ከመጀመሬ በፊት ደብረ ሲና ላይ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ነበረኝ። አንድ ክረምት ላይ ኮት የለበሰ፣ አነጋገሩ ትሕትና ያለው ሰው በእጅ የተጻፈ ረቂቅ ይዞ መጣ። ጻፍኩለት። «ርዕሱን አድምቅልኝ» አለኝ። አደመቅኩለት። «የታችኛዋን መስመር አሳንስልኝ።» አሳነስኩ። «ትንሽ ጨምረህ አሳንሳት።» የፊደሏን መጠን ስድስት ቁጥር ላይ አደረስኩት። 200 ኮፒ አወጣሁለት፣ ሒሳቤን ከፈለኝ፣ አመስግኖኝ ሄደ። ለምን ትንሿ መስመር ይህን ያህል እንዳስጨነቀችው አልጠየቅኩም። ዝናብ ነበር፤ ደንበኛ ቆሟል፤ መብራት ሳይሄድ ልጨርስ እያልኩ ነበር።

ወር ሳይሞላው አንድ ሽማግሌ፣ የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ ያንኑ ወረቀት ከባንክ ማስገቢያው ጋር ይዘው መጡ። «ኮፒ አድርግልኝ፤ ለማስረጃ ላስቀምጠው» አሉኝ። ያወቅኩት ያኔ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን አውቀዋለሁ። ነገርኳቸው። ምንም አላሉኝም። ወረቀቱን በአራት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት፣ ጃንጥላቸውን ዘረጉ፣ ወጡ። ያ አስተጣጠፋቸው እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ስጽፍ ታችኛዋን መስመር ለምን ታንሳለች ብዬ እጠይቃለሁ። እርስዎም ይጠይቁ።

ስለ ማኅተሙ አንድ ነገር ልበልዎ፤ ይህን የተማርኩት ከዚያው ሱቅ ነው። በእጅ የሚመታ ማኅተም አንዱ ጎኑ ደመቅ፣ ሌላው ጎኑ ፈዘዝ ይላል፤ እጅ እኩል አይጫንማ። ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። ብዙ ጊዜም ፊርማው ላይ ተደርቦ ነው የሚያርፈው። የእርስዎ ወረቀት ላይ ያለው ማኅተም ግን ዙሪያውን አንድ ዓይነት ነው፤ ከከለር ፕሪንተር የወጣ ነው። ወረቀቱ እጅዎ ላይ ስላለ የስልክዎን ካሜራ አስጠግተው ያጉሉት። ሮዝና ሰማያዊ ጥቃቅን ነጠብጣብ ያያሉ። ከርቀት ሲያዩት ሐምራዊ ማኅተም የሚመስለው እሱ ነው። ይሁንና በዚህ ብቻ አይመኑ። ማኅተም ማስቀረጽ ለሚፈልግ ሰው ቀላል ነው። ነጠብጣብ ካዩ ማኅተሙ በእጅ የተመታ አይደለም ማለት ነው፤ ነጠብጣብ ካላዩ ግን እውነት ነው ማለት አይደለም።

«ቁጥሬን ከየት አገኙት?» ላሉኝ፣ ከግድግዳዎ ነው።

የንግድ ፈቃድ በንግድ ቤቱ ውስጥ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲሰቀል ሕጉ ያዛል። ስምዎ አለበት፣ ቲንዎ አለበት፣ የሥራ ዘርፍዎ አለበት። አንድ ሰው ገብቶ «ይቺ ባና ስንት ናት?» እያለ ዋጋ ሲጠይቅዎ በስልኩ ፎቶ ሊያነሳው ይችላል። ደረሰኝ ስንሰጥም ቲናችን አብሮ ይሄዳል። ቲን ባለ 10 አኃዝ መለያ ነው እንጂ የምስጢር ቁጥር አይደለም። የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር ኢትሬድ የተባለው የኢንተርኔት ገጽም አንድ ፈቃድ ትክክለኛ መሆኑን ማንም ሰው እንዲያረጋግጥ ተብሎ የተሠራ ነው። ስለዚህ ቲንዎን ማወቃቸው የሚያሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቲንዎን አይተውታል። ከመንግሥት ለመምጣታቸው ማስረጃ አይሆንም። ይህን ብዙ ነጋዴ አያስተውለውም። «ቲኔን ካወቀማ የገቢዎች ሰው ነው» ብሎ ይከፍላል። ጎረቤትዎም እንዲሁ ብለው ይመስለኛል የከፈሉት።

አሁን ወረቀቱ ያለውን ከእውነተኛው አሠራር ጋር እናስተያየው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ምዝገባና ፈቃድ አዋጅ ቁጥር 980 ነው የዚህ ሁሉ መነሻ፤ በ2011 ዓ.ም. ተሻሽሏል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሐምሌ 1 አዲሱ ይጀምራል፣ የእድሳቱም በር ያኔ ይከፈታል። ለእድሳት የሚሰጠው ጊዜ ወራት ነው። እርስዎ አምና አድሰዋል። የጻፉልኝ ነሐሴ ላይ ነው። ታዲያ ጊዜዎ መቼ አለፈ? በሩ ከተከፈተ ገና ወር ከሳምንት ቢሆነው ነው። «3 ቀን» የሚለው ቁጥር ከየትኛውም ሕግ አልተወሰደም። ሦስት ቀን የተሰጠዎት ቢሮ ሄደው እንዳይጠይቁ ነው። ቅዳሜና እሁድ መሐል ከገቡበት ደግሞ የቀረዎት አንድ ቀን ብቻ ነው።

ቲን ደግሞ አይታደስም። አንድ ጊዜ ይወጣል፣ ያው ነው። «የቲን እድሳት» የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ካዩ የቀረውን ማንበብ አያስፈልግዎትም።

እውነተኛው እድሳት የሚጀምረው ከገቢዎች ነው። ያለፈውን ዓመት ግብር አሳውቀው ይከፍላሉ፣ ክሊራንስ፣ ማለትም የግብር ዕዳ እንደሌለብዎት የሚያሳይ ወረቀት፣ ይሰጥዎታል። ያ ክሊራንስ ሳይኖር ፈቃድ አይታደስም። የሥራ ዘርፉ የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነም እሱ ይጨመራል፤ ምግብ ቤት፣ መድኃኒት ቤት የያዙ ያውቁታል። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ንግድ ጽሕፈት ቤቱ የሚኬደው፣ ወይም በኢትሬድ የሚታደሰው። እርስዎን ያ ልጅ ስለ ክሊራንስ ጠየቀዎት? አልጠየቀዎትም። የዓመቱን ግብር ይክፈሉ አይክፈሉ ሳያውቅ ፈቃድ አድስልዎታለሁ የሚል ሰው፣ የሚያድሰው ነገር የለውም። እኔ ሰው ሲጠይቀኝ ከማኅተሙም ከፊርማውም አስቀድሜ የማየው ይህን ነው፤ ክሊራንስ ጠይቀዋል ወይ?

የመሥሪያ ቤቱም ስም ይረዳል። በእኛ ክልል ላይኛው ንግድና ገበያ ልማት ቢሮ ይባላል፣ ባሕር ዳር ነው። ዞን ላይ መምሪያ ነው፣ ወረዳ ላይ ጽሕፈት ቤት ነው። ደብረ ብርሃን የራሷ የከተማ አስተዳደር መዋቅር አላት፤ እርስዎ አምና ያደሱበት መስኮት የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ። እውነተኛ ደብዳቤ ከነዚህ ከአንዱ ይመጣል፣ ቁጥርና ቀን ይኖረዋል፣ የፈራሚው ስምና ኃላፊነት ይጻፋል። ከነዚህ ውጭ የሆነ፣ አገር የሚያክል ስም ያለው «ማዕከል» ሲመጣ ጆሮዎ ይቁም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባል የለ።

ቢሮው ራሱ አያሳስብም ማለቴ ግን አይደለም። ያሳስባል። በር ላይ ይለጥፋል፣ በሞንታርቦ ያስነግራል፣ ሠራተኛ ልኮ ሱቅ ለሱቅ ያስዞራል። እነሱን ማመናጨቅ አይገባም፤ ሥራቸው ነው። ሠራተኛ ነኝ የሚል ሰው ሲመጣ መታወቂያውን ያሳይዎ፣ ስሙንና ክፍሉን ይጻፉ፣ «እሺ፣ ነገ ጠዋት ቢሮ እመጣለሁ» ይበሉት። እውነተኛው ሠራተኛ «ይምጡ» ብሎ ይሄዳል። ሌላኛው ግን መቸኮል ይጀምራል። ሲስተሙ ዛሬ ማታ ይዘጋል ይላል፣ ቅጣቱ ነገ እጥፍ ይሆናል ይላል፣ ኃላፊውን በስልክ ላገናኝዎት ይላል። ስልኩን አይቀበሉት። በዚያኛው ጫፍ ያለውን ሰው አያውቁትም።

ይህ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም፤ ይህን የምልዎት ጎረቤትዎ «የተታለልኩት እኔ ብቻ ሞኝ ሆኜ ነው» እንዳይሉ ነው። አሜሪካ ውስጥ ድርጅት የከፈቱ ሰዎች ከመንግሥት የመጣ የሚመስል የእድሳት ደብዳቤ በፖስታ ይደርሳቸዋል። እዚያ ሕጉ የግል ድርጅት «እኔ መንግሥት አይደለሁም» ብሎ በግልጽ እንዲጽፍ ያስገድዳል። ላኪዎቹ ይጽፉታል፤ ግን ዓይን በማያርፍበት ቦታ፣ እንደ እርስዎ ወረቀት ግርጌ። ጄኔቫ ያለው የዓለም የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት ለንግድ ምልክት ባለቤቶች የሚላኩ አሳሳች የክፍያ ጥያቄዎችን ናሙና ሰብስቦ ለሕዝብ ያሳያል። አውሮፓ ውስጥ ደግሞ «አድራሻዎን ያስተካክሉልን» የሚል ቅጽ ይላካል። ሰውየው ነፃ መስሎት ይፈርማል። በትንሹ የተጻፈው ሲነበብ በዓመት 995 ዩሮ ለሦስት ዓመት ለመክፈል ተስማምቷል። የተማሩ፣ የሒሳብ ሠራተኛ የቀጠሩ፣ ጠበቃ ያላቸው ሰዎች ናቸው የሚፈርሙት።

የንግድ ምልክትን ካነሳሁ አይቀር፦ ልጅዎ ባናውን በራሳችሁ ምልክት መሸጥ ካሰበች፣ ምልክቱ የሚመዘገበው በኢትዮጵያ የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ዘመኑም 7 ዓመት ነው። በየዓመቱ ይታደስ የሚል ሰው ከመጣ ምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ከእርስዎ ይልቅ የምፈራው ራቅ ብለው ላሉት ነው። እርስዎ ከሱቅዎ እስከ ቢሮው በእግርዎ ይደርሳሉ። መሐል ሜዳ ላይ፣ ዓለም ከተማ ላይ፣ ከዚያም ወጣ ብሎ ባለች ትንሽ ገበያ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ግን መንገዱ ሲዘጋ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ የሚጠይቀው ያጣል። በእነዚህ ዓመታት ይህን በደንብ አይተነዋል። ስልኩ ቀን ጠፍቶ ማታ ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው ያ መልእክት ከሆነ፣ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። እንዲህ ላላችሁ የምለው፣ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ እዚያው ወረዳችሁ ጽሕፈት ቤት ይሁን። እዚያ መድረስ ካልቻላችሁ በቅርቡ ፈቃዱን ያሳደሰ ነጋዴ ጠይቁ። እሱ የት እንደከፈለ፣ ስንት እንደከፈለ፣ ደረሰኙ ምን እንደሚመስል ያሳያችኋል። የአንድ የምታውቁት ሰው እውነተኛ ደረሰኝ ከመቶ ምክር ይበልጣል። በኢንተርኔት የምታዩም አድራሻው መጨረሻው ላይ «ጎቭ ነጥብ ኢቲ» (gov.et) መሆኑን አረጋግጡ፤ በመልእክት የተላከ ሊንክ ግን አትንኩ።

ጉዳይ አስፈጻሚ ሁሉ ሌባ ነው እንዳልልም እጠነቀቃለሁ። ሰልፍ መቆም የማይችል አለ፣ ኮምፒውተር የማይነካ አለ። ውክልና ሰጥቶ ወይም የሚያውቀውን የሒሳብ ባለሙያ ከፍሎ ማስጨረስ ነውር የለውም። ግን እርስዎ ፈልገው ያገኙት ሰው ይሁን። የመንግሥት ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ የእሱ የድካም ዋጋ ስንት እንደሆነ ለይቶ ይንገርዎ። የመንግሥቱን ክፍያ ደረሰኝ በእርስዎ ስም ያምጣ። ይህን ሲጠይቁት ፊቱን የሚያጠቁር ከሆነ ሌላ ይፈልጉ። የእርስዎ ወረቀት ላይ 6,500 ብር በድፍኑ ነው የተጻፈው፤ የቱ ለመንግሥት፣ የቱ ለእሱ እንደሆነ አይታወቅም። እኔን ብትጠይቁኝ ሁሉም ለእሱ ነው።

ወደ ጎረቤትዎ ልመለስ። ልቤን የነካኝ የእሳቸው ነገር ነው። «ለማንም እንዳትነግሪ» ማለታቸው ይገባኛል። ነጋዴ ተታለለ መባልን ይፈራል፤ ገበያው ላይ ስሙ ነው ያለው። ግን ዝም ያሉባት እያንዳንዷ ቀን ለዚያ ሰው ትርፍ ናት። እሳቸው ዝም ሲሉ ቀጣዩ ሱቅ ይከፍላል። ዝምታቸውን ላኪው አስቀድሞ ቆጥሮበታል። እኔም ያን ጊዜ ደብረ ሲና ላይ ዝም ብያለሁ። ሽማግሌው ከወጡ በኋላ ሱቄን ዘግቼ ለፖሊስ መናገር ነበረብኝ። ሁለት ቀን አመነታሁ። በሁለት ቀን ስንት ሰው እንደከፈለ አላውቅም።

ስለዚህ ይንገሯቸው፤ በቁጣ ሳይሆን ቡና አፍልተው። የከፈሉበት መንገድ መጀመሪያ ይታወቅ። በንግድ ባንክ ከሆነ 951፣ በቴሌብር ከሆነ 127 ይደውሉ። ከዚያም ማስገቢያውን ወይም የዝውውር ቁጥሩን ይዘው ቅርንጫፉ ድረስ በአካል ይሂዱ። «ተታልዬ ያስገባሁት ነው፤ ይህን በጽሑፍ መዝግቡልኝ» ይበሉ። ገንዘቡ ከወጣ ባንኩ ብቻውን መመለስ ያቅተዋል። ካልወጣ ግን ፖሊስና ፍርድ ቤት ሊያስይዙት የሚችሉበት ዕድል አለ፤ ሰዓት ዋጋ ያለው ለዚህ ነው። ቀኑ አልፏል ብለውም አይተዉት፤ የሒሳቡ ባለቤት ስም ባንኩ ጋ አለ።

የምስጢር ቁጥራቸውን፣ ወይም ስልካቸው ላይ የገባ ኮድ ለዚያ ልጅ ነግረው ከሆነ ዛሬውኑ ይቀይሩ። የመታወቂያና የፈቃድ ኮፒ ሰጥተው ከሆነ ገቢዎች ሄደው በስማቸው ያላወቁት ነገር ገብቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ፈርመው ከሆነ ምን ላይ እንደፈረሙ ይታይ። «ቀሪ 1,500 ብር ካልጨመሩ ፋይሉ አይዘጋም» የሚል ስልክ መምጣቱ የማይቀር ነው፤ አይክፈሉ። ከዚያ ደግሞ ሌላ ድምፅ «የተወሰደብዎትን እናስመልስልዎታለን፣ መጀመሪያ ትንሽ ያስገቡ» ሊል ይችላል። እሱም ያው ቤተሰብ ነው።

ፖሊስ ጋ ሲሄዱ «የግል አገልግሎት ነው ብለው ጽፈዋል እኮ» የሚል መልስ ቢሰሙ አይመለሱ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 692 አታላይነትን ይቀጣል። በሰው ዘንድ የተሳሳተ እምነት አሳድሮ ገንዘቡን እንዲሰጥ ማድረግን ነው የሚናገረው። ከታች በትንሹ የተጻፈች መስመር ከላይ በትልቁ የተጻፈውን ማሳሳቻ አታጠፋውም። በስልክና በኢንተርኔት ለተላከው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ። አሳሳች ማስታወቂያን ደግሞ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ይከለክላል፤ ለንግድ ጽሕፈት ቤቱም ማመልከት የሚቻለው ለዚህ ነው። ቁጥሮቹን በወረቀት ጽፈው ይያዙ። ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው በቀላሉ አይሸኝም።

የእርስዎ ወረቀት ደግሞ ለእሳቸው ማስረጃ ነው። ሁለት ሰው ተመሳሳይ ወረቀት፣ ተመሳሳይ ሒሳብ ቁጥር ይዞ ሲቀርብ ነገሩ አንድ ሴት ተሳሳተች ከመባል ይወጣል። ስለዚህ አይቅደዱት፣ እሳት አያቀጣጥሉበት። መልእክቱንም ከስልክዎ አያጥፉ፤ ልጅዎ የላኪው ቁጥርና ቀኑ እንዲታይ አድርጋ ፎቶ ታንሳው። ልጁ የመጣበትን ቀንና ሰዓት፣ የባጃጁን የጎን ቁጥር ያስታወሰ ሰው ካለ እሱንም ይጻፉት። መንገዱ ማዶ ያለው ባለ ሻይ ቤት አይቶ ሊሆን ይችላል፤ ይጠይቁት።

የራስዎን እድሳት በተመለከተ፣ ፈቃዱን ከግድግዳው አውርደው የመጨረሻው እድሳት መቼ እንደሆነ ያንብቡ። ከዚያ ገቢዎች ይሂዱና የግብርዎን ጉዳይ ይጨርሱ፤ ክሊራንሱን ይዘው ወደሚያውቁት መስኮት ይሂዱ። ክፍያው እዚያ ተለጥፏል፣ ካልተለጠፈም ይነግሩዎታል። ደረሰኙን ከፈቃዱ ጀርባ ያስቀምጡት። በሚቀጥለው ክረምት ማንም «ጊዜዎ አልፏል» ብሎ ሲመጣ ሄደው የሚያዩት ወረቀት አለዎት።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ለአንድ ሰዓት ለልጅዎ ይተዉላትና ከጎረቤትዎ ጋር አብራችሁ ውጡ። መጀመሪያ ባንክ፣ ቀጥሎ ፖሊስ፣ ከዚያ ንግድ ጽሕፈት ቤት። ወረቀቶቹን ፌስታል ውስጥ ጠቅልላችሁ ያዟቸው፤ ዝናቡ አላባራም፣ የፕሪንተር ቀለም ደግሞ ውኃ ሲነካው ሊለቅ ይችላል። ያ ማኅተም እንዳለ ፖሊስ ጋ መድረስ አለበት።